ገጽ ሦስት መቶ አሥራ አንድ

ሙሀመድሁሴን ሰው ሲያመሰግናቸው የሚደነግጡ ሰው ናቸው። ከትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ ትሕትና በሰፈራቸው በኩል አላለፈችም። ድንጋጤውን ያመጡት ከእንግሊዝ ሀገር ነው። ዌልስቢ በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል፤ በማታ አራሚነት ገብተው የከተማዋ ሳምንታዊ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ እስከመሆን ደርሰዋል። ከዚያ ሁሉ ዘመን የእንግሊዝን ፖለቲካ አንድ ሕግ ይዘው ነው የተመለሱት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወጥቶ «በሚኒስትሬ ላይ ሙሉ እምነት አለኝ» ያለ ቀን፣ ያ ሚኒስትር ዕቃውን ቢሸክፍ ይሻለዋል። ሙሉ እምነት የተጣለበት ሰው ሳምንት ከከረመ ዕድለኛ ነው። «እንግሊዝ ሰውን የሚቀብረው በምስጋና ነው» ይሉ ነበር።

እንግዲህ አራት ወዳጆቻቸው የትዝታ መጽሐፋቸውን ረቂቅ ተራ በተራ አንብበው፣ አራቱም «ግሩም ነው ጋሼ! ድንቅ ነው! አንድ ቃል እንዳይነካ!» ብለው ሲመልሱላቸው ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም። ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለችው ወንበራቸው ቁጭ ብለው፣ «ላጢፋ፣ አለቀልኝ» አሉ።

«ምኑ ነው ያለቀልህ? አመሰገኑህ እኮ!»

«እሱን ነው የምልሽ።»

ላጢፋ ሚስታቸው ናት። እንግሊዝ ሀገር ሳያገቡ ኖረው፣ ሲመለሱ ነው ያገኟት፤ እሷም ባሏን ቀብራ ልጆቿን ድራ ብቻዋን ነበረች። ደግ፣ ቀልደኛ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ የወሎ ሴት ናት። በደኅናው ቀን «አንተ» ትላቸዋለች፤ ስትናደድ ብቻ «አንቱ ሰውዬ» ይመጣል። መጽሐፉ በተጻፈባቸው ስድስት ዓመታት «አንቱ ሰውዬ» በዝቶ ነበር።

መጽሐፉ ስድስት መቶ አርባ ገጽ ነው። ከቅድመ አያታቸው በቅሎዎች ይጀምራል። በቅሎዎቹ ከቃሉ ተነሥተው ጨው ይጭናሉ፤ ከዚያ አያታቸው ይወለዳሉ፤ ከዚያ አባታቸው፤ ከዚያ ኮምቦልቻ ውስጥ ረጅም የልጅነት ዘመን አለ። እንግሊዝ ሀገር ለመድረስ አንባቢው ብዙ ስንቅ ያስፈልገዋል። ሙሀመድሁሴን ግን እያንዳንዷን ገጽ እንደ ልጅ ይወዷት ነበር። ሌላ ልጅ የላቸውማ።

ያስጨነቃቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ቃሊቲ ያለው ማተሚያ ቤት ቁርጡን ነግሯቸዋል። ወረቀት ስለተወደደ ከሁለት መቶ ገጽ በላይ አይሞክረውም፤ ያንንም እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጡ ማሽኑ ለመማሪያ መጽሐፍ ይያዛልና የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቁ። የሰባ አራት ዓመት ሰው፣ ያውም ዓይኑ እየደከመ የመጣ፣ «የሚቀጥለው ዓመት» የሚባለውን ነገር እንደ እጁ ዕቃ አይቆጥረውም። ሁለተኛው ግን የባሰ ነበር። ያ መጽሐፍ በይሉኝታ ተገዝቶ፣ በይሉኝታ ተጨብጭቦለት፣ በይሉኝታ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ማንም ሳያነበው እንዳይቀር ፈርተዋል። ዕድሜውን ሙሉ ለአንባቢ የጻፈ ሰው ከዚህ የከፋ ሞት አያውቅም።

ፍርሃታቸው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጡበት መላ ደግሞ አላቸው፤ የድሮ አዘጋጅ መላ አያጣም። ረቂቁን ለወዳጆቻቸው ከመስጠታቸው በፊት፣ መሀሉ ላይ የኮንዶሚኒየሙን የውሃ ፈረቃ ማስታወቂያ ሸጉጠው ነበር። «ብሎክ ሰባት ማክሰኞና ዓርብ» የሚለውን። አራቱም ወዳጆች ማስታወቂያውን ከነመጽሐፉ «ግሩም ነው» ብለው መለሱ። አንደኛው እንዲያውም «መሀሉ ላይ እንባዬ መጣ» አለ።

ስለዚህ ቀጀላን አስጠሩ።

ቀጀላ የአቃቂ ልጅ ነው። አያቶቹ ጤፍ ያጭዱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ መጋዘን ተሠርቶበታል። ሙሀመድሁሴን ከእንግሊዝ ተመልሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሳምንታዊ ጋዜጣ ባቋቋሙ ጊዜ የቀጠሩት የመጀመሪያው ዘጋቢ እሱ ነበር። የዚያን ጊዜ ጽሑፉን ያለ ርኅራኄ ይቆርጡበት ነበር። ባለ ስምንት ገጽ ዘገባ ሰጥቷቸው፣ የፎቶ መግለጫ ሆኖ የወጣበት ሳምንት አለ። ቀጀላ ተቆጥቶ ሁለት ቀን ከሥራ ቀረ፤ በሦስተኛው ቀን ያችን የፎቶ መግለጫ ሰው ሁሉ ሲያወራላት ሰምቶ ተመለሰ። አሁን ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ አለቃ ሆኗል፤ ፀጉሩም ሸብቷል። ረቂቁን ወስዶ በሳምንቱ ይዞት መጣ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ከበድ ያለ ድምፅ ሰጠ።

«እህስ?» አሉ ሙሀመድሁሴን።

«ጋሼ፣ ገጽ ሁለት መቶ አርባ ላይ የውሃ ማስታወቂያ አለ።»

ሙሀመድሁሴን ደስ አላቸው። አንድ ሰው አንብቦታል ማለት ነው። «ተመስገን! ሌላስ?»

«ሌላውማ… እስከዚያ ድረስ ካለው ሁሉ እሱ ይነበባል።»

ወጥ ቤት በር ላይ የቆመችው ላጢፋ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

«ቀጀላ፣ ተጠንቀቅ» አሉ ሙሀመድሁሴን።

«የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል የሚሉኝ እርስዎ ነበሩ። ጋሼ፣ መጽሐፍዎ የሚጀምረው ገጽ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ላይ ነው። ከዚያ እስከ አምስት መቶ ይሄዳል። የቀረው ይወጣል።»

«ይወጣል? ምን ማለት ነው ይወጣል?»

«ይቆረጣል።»

ሙሀመድሁሴን ብድግ አሉ። ሦስት መቶ ገጽ! አባታቸው፣ አያታቸው፣ መድረሳው፣ ኮምቦልቻ፣ በቅሎዎቹ! «አንተ እርሻ ላይ ነው እንዴ ያለኸው፣ ማጭድ ይዘህ የመጣኸው? ሰው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ወዴት እንደሄደ ይነገራል? እኔ እንግሊዝ ሀገር ከሰማይ ወረድኩ?» ሌላም ብዙ አሉ፤ በእንግሊዝኛም ጨመሩበት። ቀጀላ እጁን አጣምሮ ሰማቸው። ዝናቡ እንዲያባራ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር አቋቋሙ።

«ጨረሱ?»

«ለጊዜው።»

«እንግዲያው እኔንም አይመኑኝ፣ እነዚያንም አይመኑ። እኔ ተማሪዎ ነኝ፤ እነሱ ወዳጆችዎ ናቸው። ለማያውቁን ሰዎች እናንብብላቸው። ከውሲ የምትባል ሴት ሻይ ቤት አላት፣ ቃሊቲ መጋዘኑ በር ላይ። መጀመሪያ እርስዎ ከመጀመሪያው ያነባሉ፣ ቀጥሎ እኔ ከሦስት መቶ አሥራ አንድ። ተራ የሚጠብቅ ሹፌር ለማንም አይዋሽም።»

ሙሀመድሁሴን አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ላጢፋ ቀደመቻቸው። «እሺ ብሏል» አለች። «እኔም እመጣለሁ።»

ስለ ቃሊቲ ተራ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። መጋዘኑ በር ላይ የጭነት መኪኖች አንዳንዴ ሌሊቱን ሁሉ ይሰለፋሉ። ተራ አስከባሪው ቀናው የሰሌዳውን የመጨረሻ ሁለት ቁጥር ይጠራል። የተጠራ ሹፌር ወዲያው ሞተር ካላስነሣ ተራው ይቃጠልና ወደ ሰልፉ ጭራ ይመለሳል፤ ጋቢና ውስጥ ሌላ ሌሊት ማደር ነው። ስለዚህ የቃሊቲ ሹፌር ሚስቱን ቢረሳ ተራውን አይረሳም። ሽንት ቤት ሆኖ እንኳ ጆሮው ውጪ ነው።

ከውሲ ራሷ የሹፌር ሚስት ናት፣ የከሚሴ ልጅ። ሻይ ቤቷ ቆርቆሮ ይሁን እንጂ ንጹሕ ነው፤ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበርና አንድ የጀበና ሳይሆን የበርሜል ያህል የሻይ ማፍያ አላት። እንግዶቹ ምን ሊያደርጉ እንደመጡ ቀጀላ ሲነግራት፣ «መጽሐፍ? እዚህ?» ብላ ትንሽ አሰበችና፣ «ካልተሳደበ ግድ የለኝም» አለች። የቀትሩ የዙህር ሶላት ተሰግዶ ስለነበር ቤቱ በሹፌርና በረዳት ሞልቷል። ቀጀላ ተነሥቶ፣ «እኚህ ሽማግሌ መጽሐፍ ጽፈዋል። ትንሽ ያነቡላችኋል። ያልጣመው ይውጣ፤ ቅሬታ የለም» አለ። ሙሀመድሁሴን መነጽራቸውን ጠረጉና በቅሎዎቹን ከቃሉ አስነሡ።

ሰው ጨዋ ነው። መጀመሪያ ሁሉም አዳመጠ። በሁለተኛው ገጽ ላይ አንዱ ጎማውን ሊያይ ወጣ። በሦስተኛው ሌላው ስልኩን አወጣ። አንድ ትልቅ ሰው ዐስር ገና ሳይደርስ ለዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ተነሡ። ጥግ ላይ ያለው ረዳት ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አንኮራፋ፤ ማንም አልቀሰቀሰውም። ቀናው ከውጪ «ዐሥራ ዘጠኝ!» ብሎ ሲጣራ የዐሥራ ዘጠኙ ሹፌር ከወኅኒ እንደተፈታ ሰው ፊቱ በርቶ ዘሎ ወጣ፤ ቁጥራቸው ያልተጠራ ሁለት ሹፌሮችም አብረውት ወጡ። ሙሀመድሁሴን ይህን ሁሉ በመነጽራቸው ጠርዝ ያያሉ። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ዝቅ አደረጉ፤ በቅሎዎቹን አፋጠኗቸው። ምንም አልጠቀመም። ላጢፋ ራሷ ዓይኗን ጨፍናለች።

ከውሲ ብርጭቋቸው ሙሉ እንደሆነ እያየች፣ «ጋሼ፣ ሻይ ይጨመርልዎ?» አለቻቸው። ያዘነችላቸው መሆኗ ገባቸው። ያን ጊዜ ልባቸው ተሰበረ። ስድስት ዓመት የደከሙበት ነገር አንዲት ባለ ሻይ ቤት ስታዝንለት ማየት ቀላል አይደለም። ወረቀቱን ለቀጀላ ገፉለትና መነጽራቸውን አውልቀው ያዙት።

ቀጀላ የሬዲዮ ሰው ነው፤ ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም። «ሚኒስትሩ ከተማችን የመጣው አካፋ ይዞ ነው» ብሎ ጀመረ።

ስልክ የሚያየው ሹፌር ቀና አለ።

ዌልስቢ በመካከሏ ወንዝ የሚያልፍባት፣ ወንዙ ላይ ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ያላት ከተማ ናት። የጭነት መኪና ሁሉ በዚያ ድልድይ ነው የሚያልፈው። መኪና ይጣበቃል፤ ከተሜው ሹፌሮቹን ይሰድባል፤ ሹፌሮቹ ከተሜውን ይሰድባሉ። «ወይ ጉድ፣ እዚያም?» አለ አንዱ። የከተማዋ የፓርላማ ተመራጭ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ሰር ጀፍሪ ሃልዋርድ ነበር። ምርጫ ሲደርስ አንድ ሜዳ ላይ ቆሞ ከከተማው ውጪ የሚዞር መንገድ አሠራለሁ አለ፤ በሚያብረቀርቅ አካፋ አንዴ አፈር ዝቆ ፎቶ ተነሣ፤ ሄደ። ምርጫው አለፈ። በሚቀጥለው ምርጫ ያንኑ አካፋ ይዞ እዚያው ሜዳ ላይ ተገኘ። በሦስተኛውም መጣ።

«ላም አለኝ በሰማይ!» ብሎ የጮኸው ዱሬሳ የሚባል ወፍራም ሹፌር ነው። ቤቱ ሳቀ። የሳቁ ድምፅ ጎማ ሊያይ የወጣውን ሰው በር ላይ መለሰው።

ቀጀላ ቀጠለ። የጋዜጣው አዘጋጅ፣ ማለትም ሙሀመድሁሴን፣ ዕጣቸው ሆኖ የሜዳው ነገር አንገበገባቸው። ነገር ግን በጽሑፍ አልከሰሱም። ሐሙስ ሐሙስ ፎቶ አንሺ ልከው ሜዳውን አስነሡና በፊት ገጽ አወጡት። ቃል የለም፤ ቀኑ ብቻ። በሚቀጥለው ሐሙስም ያው ሜዳ። ሣሩ አደገ። በጎች መጡ። በጎቹ ወለዱ። የከተማው ሰው ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣውን የሚገዛው በጎቹን ለማየት ሆነ። የሚኒስትሩ ሰዎች ደወሉ፣ ለመኑ፣ ቀጥሎ አስፈራሩ። በመጨረሻ የጋዜጣው ባለቤት ራሱ ደውሎ፣ «ሙሀመድ፣ በአንተ ላይ ሙሉ እምነት አለኝ» አላቸው። በዚያው ዕለት መጻሕፍታቸውን በካርቶን ከተው በሩ አጠገብ አስቀመጡ፤ የሐሙሱን ፎቶ ግን አወጡ።

«አላባረሩህም?» አለ ዱሬሳ ወደ ሙሀመድሁሴን ዞሮ፤ ቶሎ ደግሞ፣ «ይቅርታ አባባ፣ አላባረሩዎትም?»

«ይነበብ» አለ ከኋላ ያለው ሰው። «ዝም በል አንተ፣ ይነበብ!»

ሙሀመድሁሴን መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ጥግ ላይ የሚያንኮራፋው ረዳት ነቅቷል።

ቀጣዩ ምርጫ መጣ። ሬግ ፕላት የሚባል የከተማዋ ሎሪ ነጂ፣ ድልድዩ ላይ ዕድሜው ያለቀ ሰው፣ ሄዶ በዕጩነት ተመዘገበ። ከካርቶን ከራሱ የሚረዝም አካፋ ሠርቶ፣ አካፋው ውስጥ ገብቶ፣ በአካፋው ሆድ ላይ ፊቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ይቀሰቅስ ነበር። የእንግሊዝ ልማድ ደግሞ እንዲህ ነው። ድምፁ ተቆጥሮ ሲያልቅ ዕጩዎቹ ሁሉ፣ ሚኒስትርም ይሁኑ ማንም፣ አንድ መድረክ ላይ ተደርድረው ቆመው ውጤታቸውን በሕዝብ ፊት ይሰማሉ።

«ከአካፋው ጋር?» አለች ከውሲ። ትሪዋን ይዛ መሀል ቤት ቆማለች።

«ውሸት ነው» አለ አንዱ። «ሚኒስትር ከካርቶን ጋር አይቆምም።»

ሙሀመድሁሴን አላስቻላቸውም። «ወላሂ! ትከሻ ለትከሻ! እኔ ከፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። የአካፋው ጫፍ የሚኒስትሩን ጆሮ ይነካው ነበር!»

ሳቁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ቀጀላ እጁን አነሣ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ። ድምፁ አንዴ ተቆጠረ፤ ሁለተኛ ይቆጠር ተባለ። የምርጫው ኃላፊ ወረቀቱን ይዞ ወደ ማይክሮፎኑ መጣ። ወረቀቱን ዘረጋ። እና በዚያች ቅጽበት ከውጪ የቀናው ድምፅ መጣ።

«ስልሳ ሁለት! ስልሳ ሁለት ግባ!»

ስልሳ ሁለት የዱሬሳ መኪና ነው። ከትናንት ጀምሮ ነው የተሰለፈው። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ዱሬሳ እንደመነሣት አለ፤ ወደ በሩ አየ፤ ወደ ቀጀላ አየ። ሰውዬው ቢወጣ አይፈረድበትም፤ ወጥቶም ቢሆን ጥሩ አድማጭ ነበር፤ እንዲህ እያሉ ሙሀመድሁሴን ራሳቸውን ሊያጽናኑ ጀመሩ።

ዱሬሳ ተመልሶ ተቀመጠ። «ለኋላዬ ስጠው!» ብሎ ወደ ውጪ ጮኸ።

ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር በዚያ በር ላይ ተሰምቶ አያውቅም። ቀናውም የሰማውን አላመነም። «ዘጠና አራት!» አለ በጥርጣሬ።

«ዘጠና አራትም ይለፈው» አለ ያ ስልክ ሲያይ የነበረው ሹፌር፤ ዓይኑን ከቀጀላ አፍ ሳይነቅል።

ሦስተኛው ቁጥር ተጠራ። መልስ ጠፋ። ቀናው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እየተቆጣ በሩን ሞላው። «ምንድን ነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«እሽሽ!» አለው ቤቱ በሙሉ። «ውጤት ሊነገር ነው!»

«የማን ውጤት?»

«የአካፋው! ቁጭ በል!»

ቀናው ተቀመጠ። ኳስ መስሎት ይሁን አላውቅም፤ ብቻ ተቀመጠ።

ሰር ጀፍሪ ሃልዋርድ በዐሥራ ሰባት ድምፅ ተሸነፈ። ያሸነፈችው ኢዲት ክሮስ የምትባል አስተማሪ ናት። አካፋው ደግሞ ከአራት መቶ በላይ ድምፅ አግኝቷል፤ ሚኒስትሩን የጣሉት እነዚያ ነበሩ። እዚህ ላይ ሻይ ቤቱ የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም። ዱሬሳ ጎረቤቱን አቀፈው። ከውሲ ትሪዋን እንደ ከበሮ መታችው። ቀናው ፊሽካውን ነፋ። ላጢፋ፣ ሙሀመድሁሴን ሲያዩዋት፣ በሁለት እጇ አፏን ይዛ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል።

«ቆይ፣ ቆይ! ሚኒስትሩስ? ምን አለ?» አለ አንዱ።

ሰውዬው፣ አለ ቀጀላ እያነበበ፣ እንደ ወረቀት ነጣ። ከዚያ ዞሮ የአሸናፊዋን እጅ ጨበጠ። ቀጥሎ ወደ አካፋው ዞሮ፣ እጅ ስለሌለው፣ የካርቶኑን ጫፍ ይዞ ነቀነቀው። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ከመድረኩ ወርዶ በቀጥታ ወደ አዘጋጁ መጣና፣ «እንግዲህ አሁን ፎቶውን ታቆማለህ?» አለ። አዘጋጁ፣ «መንገዱ ሲሠራ» ብሎ መለሰ። በሚቀጥለው ሐሙስ ጋዜጣው ሲወጣ በፊት ገጹ ላይ ያው ሜዳ፣ እነዚያው በጎች ነበሩ። ከሥሩ ቀኑና አዲስ ስም፤ የኢዲት ክሮስ።

«ሴትዮዋንም?!» አለ ባለ ዘጠና አራቱ ሹፌር።

«ሴትዮዋንም» አሉ ሙሀመድሁሴን።

ቀጀላ ወረቀቱን አጠፈ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገረ። ዱሬሳ ግን ጠረጴዛውን ደበደበ። «አባባ! መንገዱስ? ተሠራ ወይስ አልተሠራም?»

ሙሀመድሁሴን ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜናን ከፊት ያስቀመጡ ሰው ናቸው፤ ዋናውን ነገር ወደኋላ ያስቀረ ዘጋቢ ምን ይደርስበት እንደነበር ቀጀላ ያውቃል። አሁን ግን ደረታቸውን ነፉ፤ ሰባ አራት ዓመታቸው የት እንደሄደ እንጃ፤ ብድግ ብለው፣ «መጽሐፉ ላይ አለ!» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ በአላህ!»

«መጽሐፉ ላይ!»

ከውጪ ጡሩምባ በጡሩምባ ሆነ። ቀናው ሥራው ትዝ ብሎት፣ «ያ አላህ፣ በሩ!» ብሎ ተፈተለከ፤ ሹፌሮቹም ተከተሉት። የተቃጠለውን ተራ እንዴት እንዳስተካከሉት የእነሱ ጉዳይ ነው፤ ቀናው ራሱ ጥፋተኛ ስለሆነ ብዙም አልተከራከረም ይባላል። ዱሬሳ መኪናውን አስነሥቶ በሻይ ቤቱ ፊት ሲያልፍ አንገቱን በጋቢናው መስኮት አወጣ። «ከውሲ! ሲታተም አንዱን ለእኔ አስቀምጪልኝ! ከጅቡቲ ስመለስ እወስዳለሁ! ሰው ይሄን በሆዱ ይዞ እንዴት ነው አዋሽን የሚሻገር?» ከኋላው ያለውም፣ «ለእኔም!» አለ፤ ከእሱ ኋላ ያለውም። ከውሲ ብርጭቆ መሰብሰቧን ትታ ስማቸውን በቃሏ ትይዝ ጀመር።

ሙሀመድሁሴን ሻይ ቤቱ ደጃፍ ቆመው የሲኖትራክ አቧራ እየጠጡ እንባቸውን ጠረጉ። ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። እንግሊዝ ሀገር የሽልማት ዋንጫ ተቀብለው ያውቃሉ፤ ጌታ የተባሉ ሰዎች እጃቸውን ጨብጠዋቸዋል። ተራውን የለቀቀላቸው ሰው ግን አልነበረም።

«ቁረጠው» አሉ ቀጀላን።

«ከፊት ያለውን ሁሉ?»

«ሁሉን። የበቅሎዎቹን ነገር ብቻ አንድ አንቀጽ ተውልኝ።»

«አንድ ዓረፍተ ነገር።»

«ሁለት።»

«አንድ ተኩል» አለ ቀጀላ፣ ሁለቱም ሳቁ። ቀጀላ ረቂቁን ሊይዝ ሲዞር ግን ረቂቁ የለም። ላጢፋ ብብቷ ሥር ሸጉጣው ባጃጅ እየጠራች ነበር።

«ነገ ጠዋት ትወስደዋለህ» አለችው። «ዛሬ አይሆንም።»

በባጃጁ ውስጥ ገላን እስኪደርሱ ረቂቁን ከብብቷ አላወጣችም። ሙሀመድሁሴን ከአንዴም ሁለቴ፣ «መንገዱ እኮ…» ሊሏት ሲጀምሩ፣ «እንዳትነግረኝ!» ብላ ቆረጠቻቸው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ስለ በቅሎዎቹ ያልሰማችው ነገር የለም፤ ሲነበብላት እየተኛች ሦስት መቶኛው ገጽ ላይ ደርሳ ግን አታውቅም። ቤት እንደገቡ ነጠላዋን ሳታወልቅ የእሳቸው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠችና ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

ፀሐይ ጠለቀች። መግሪብ ሰግደው ሲመለሱ መብራት አብርታ ታነባለች። ሙሀመድሁሴን ወጥ ቤት ገቡ። ወጡን አሞቁ፤ ትንሽ አሳረሩት፤ እንጀራ ዘረጉ። በዚህ መሀል ከሳሎን አንድ ሳቅ ፈነዳ፤ ጎረቤት የሚሰማው ሳቅ። ከሳቁ ብቻ የትኛው ገጽ ላይ እንደደረሰች አወቁ። መንገዱ በሰባተኛው ዓመት ተሠርቶ ሲመረቅ፣ የመጀመሪያው የሬግ ፕላት ሎሪ ሲያልፍ፣ የካርቶን አካፋው ከፊት ለፊቱ ታስሮ፣ ሸምግሎ ምርኩዝ የያዘው ሰር ጀፍሪ ሃልዋርድ ደግሞ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ባርኔጣውን እያውለበለበ ያለበት ገጽ ነው።

«ላጢፋ፣ እራት ቀርቧል» አሉ ከበሩ።

ላጢፋ ቀና አላለችም። አንድ እጇን ብቻ አነሣች። «ቆይ» አለች፤ «ልጨርሰው።»

ሙሀመድሁሴን ብቻቸውን በሉ። ወጡ አርሯል፤ እንደዚያ ቀን እራት ግን ጥሟቸው አያውቅም።